ስለ ሳይንስ ቃላት የሚነገሩ ሁለት ስሕተቶች

የአንድ የሳይንስ ቃል ትርጉሙ ምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ቃሉ እንዲሁ ነው፤ ያዘው» የሚል ነው። ኦክሲጅን ማለት ምን ማለት ነው ቢል «የአየር ዓይነት ነው» ይሉታል። እርሱ የጠየቀው የስሙን ትርጉም ነበር፤ የተመለሰለት ግን ስለ ነገሩ ነው። ተማሪውም ቃሉን በቃሉ ይዞ፥ ፈተናውን አልፎ፥ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል፤ ቃሉ ግን ማኅተሙ እንዳልተፈታ ደብዳቤ በልቡ ተቀምጦ ይቀራል።

ይህ አንደኛው ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከእኛው ወገን፥ ማለት ግእዝ ተምረናል ከምንለው ሰዎች የሚመጣ ነው። «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቃል ቋንቋችንን አጐደፈው፤ እያንዳንዱን ቃል ሥሩን እያየን በግእዝ እንተካው» ይላሉ። የፊተኞቹ ቃሉን እንደ ታቦት ጋርደው ሊያሳልፉት ይወዳሉ፤ የኋለኞቹ እንደ ሌባ ከደጅ ሊመልሱት ይወዳሉ። ከሁለቱም ወገን ግን ቃሉን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ እንጂ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሁም። ነገር ግን ግስ ሳይገሥሥ ቅኔ እቈጥራለሁ ብሎ የሚነሣ ደቀ መዝሙር ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ስለማውቅ፥ በቃሉ ረገድ ጥቂት መናገር ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ፥ እነዚህን ቃላት ሰው ሁሉ «የላቲንና የፈረንሳይኛ ቃላት» ይላቸዋል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ላቲን፥ ሊቃውንቶቻችን ሮማይስጥ የሚሉት፥ ግእዝ በእኛ ዘንድ እንደ ነበረ ሁሉ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የሊቃውንት መጻፊያ ነበረ፤ ፈረንሳይኛም ከርሱ የተወለደ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ከቃላቱ የሚበዙት ልብሳቸው ፈረንሳዊ ሆኖ አጥንታቸው ጽርእ ነው። በ1787 ጊቶን ደ ሞርቮ፥ ላቮአዝዬ፥ ቤርቶሌና ፉርክሯ የሚባሉ አራት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ስለ ኬሚስትሪ ስም አወጣጥ አንድ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተሙ። ከዚያ በፊት የነበሩት ስሞች እንደ ባለመድኃኒት ምስጢር የተሰወሩ ነበሩ፤ አንዱን ነገር አንዱ ሰው በቀለሙ፥ ሌላው በተገኘበት አገር፥ ሌላው ባገኘው ሰው ስም ይጠራው ነበር። እነዚህ አራት ሰዎች ስሙ ራሱ የነገሩን ጠባይ እንዲናገር ፈለጉ፤ ለዚሁም ከጽርእ ተበደሩ። ሂዶር ማለት ውሃ ነውና በነደደ ጊዜ ውሃ የሚሆነውን አየር «ውሃን የሚወልድ» ሲሉ ሂድሮዤን አሉት። ኦክሲስ ማለት የሰላ፥ ኮምጣጣ ማለት ነውና እሳት የሚያነደውን፥ እንስሳም የሚተነፍሰውን አየር «ኮምጣጣን የሚወልድ» ሲሉ ኦክሲዤን አሉት። እንስሳ ቢያስገቡበት የሚሞትበትን፥ መብራትም የሚጠፋበትን ሦስተኛውን አየር ደግሞ፥ ዞኤ ሕይወት ማለት ነውና፥ በፊቱ የአፍራሽ «አ» ጨምረው አዞት፥ «ሕይወት የሌለበት» አሉት።

አሁን አንባቢ ያስተውልልኝ። ሂድሮዤን የሚለው ስም ልክ ነው፤ በነደደ ጊዜ ውሃ ይሆናል። ኦክሲዤን የሚለው ግን ስሕተት ነው። ላቮአዝዬ ኮምጣጣ ነገር ሁሉ፥ ማለት አሲድ ሁሉ፥ ኮምጣጣነቱን ያገኘው ከዚህ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ላቮአዝዬ በ1794 በአብዮቱ ዘመን በጊዮቲን ተሠየፈ፤ የቃሉን መፍረስ አላየም። በ1810 ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ ከጨው የሚወጣው ብርቱ አሲድ ሂድሮጅንና ክሎሪን ብቻ እንጂ ኦክሲጅን ፈጽሞ እንደሌለበት አስረዳ። ይህ አሲድ በሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ በእያንዳንዳችን ጨጓራ ውስጥ አለ። እንግዲህ «ኮምጣጣን የሚወልድ» የተባለው በብዙ ኮምጣጣ ዘንድ አባት ሆኖ አልተገኘም። ስሙ ግን ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ።

አዞትም እንዲሁ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሰባ ስምንት ያህል የሚሆነው እርሱ ነው። «ሕይወት የሌለበት» ተባለ፤ ነገር ግን ሥጋ፥ ደም፥ የእህል ፍሬ ሁሉ እርሱ ከሌለበት አይቆምም፤ ፕሮቲን የሚባለው ሁሉ በውስጡ አዞት አለበት። ፈረንሳውያን እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከእነርሱው ወገን ሻፕታል የሚባል ሊቅ በ1790 ኒትሮዤን የሚል ሌላ ስም አወጣለት፤ ይህም ባሩድ ከሚሠራበት ጨው ስም የተወሰደ ነው። እኛ ናይትሮጅን የምንለው ይኸንን ነው።

እንግዲህ ከእኛ ወገን አንድ ሊቅ ተነሥቶ ኦክሲጅንን «ወላዴ ብሒእ»፥ አዞትን «አልቦ ሕይወት» ብሎ ቢተረጕም፥ ግሱ ልክ ነው፤ አገባቡም ልክ ነው፤ የቅኔ መምህር ቢሰማው አይነቅፈውም። ነገሩ ግን ሐሰት ነው። የሌላ አገር ሰው የተሳሳተውን ስሕተት በንጹሕ ግእዝ ጽፈን፥ ልጆቻችን በእውነትነት እንዲያጠኑት ሰጠን ማለት ነው። ይህንንም ያደረጉ አሉ። ጀርመኖች ቃሉን ሥር በሥር ተርጕመው «የኮምጣጣ ነገር» አሉት፤ መስኮቦችም «ኮምጣጣን የሚወልድ» አሉት፤ ሁለቱም ሕዝቦች እስከ ዛሬ የላቮአዝዬን ስሕተት በገዛ ቋንቋቸው ይናገሩታል። ፈረንሳዊው ራሱ ቢናገረው ጽርእ ስለማያውቅ ስሕተቱ አይሰማውም። ጀርመኑና መስኮቡ ግን ቃሉን በጠሩ ቍጥር ሐሰቱን ይሰሙታል። በሰምና ወርቅ ቋንቋ ብናገር፥ የቃሉ ሥር ሰሙ ነው፤ ነገሩ ወርቁ ነው። ከእነዚህ ቃላት በብዙዎቹ ሰሙ ተበላሽቶ ወርቁ ደኅና ነው። ሰሙን ተርጕሞ ወርቁን የተወ ሰው ምን አተረፈ?

«ታዲያ ባዕዱን ቃል እንዳለ እንቀበል ትላለህን?» የሚለኝ ይኖራል። የጥንቱን አባቶች ሥራ እንይ። መጻሕፍትን ከጽርእ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት ለሁሉ ቃል አንድ ሕግ አላደረጉም። ወንጌል የሚለውን ቃል እንዳለ ከጽርእ ወሰዱት፤ የትርጓሜ መምህር ግን ሲያስተምር ወንጌል ማለት ብሥራት ማለት ነው ብሎ ስሙን ሳይፈታ አያልፍም። ትሪያስ የሚለውን ሥላሴ ብለው ከሥሩ ተረጐሙት፤ ሥሩና ነገሩ ይስማማሉና። ኤክሌሲያ የሚለውን ግን፥ ሥሩ ተጠርቶ የወጣ ጉባኤ ማለት ሲሆን፥ ሥሩን ትተው ነገሩን በማየት ቤተ ክርስቲያን አሉት። ቀኖና በጽርእ ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ ማለት ነበር፤ በእኛ አፍ ካህን ለተነሳሒ የሚሰጠው ሥርዓት ሆነ፤ በዚህም ማንም አልተሰናከለ። ቄሣርና ሌጌዎን ደግሞ የሮማይስጥ ቃላት ናቸው፤ በወንጌል ውስጥ ተቀምጠው ይነበባሉ፤ ወንጌሉም ስለ እነርሱ አልጐደፈም። ቋንቋችንን ባዕድ ቃል ያረክሰዋል የሚል ሰው አስቀድሞ እነዚህን ከመጽሐፉ ያውጣና ያሳየን።

ከዚህ ላይ ካህናቱን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኤጲስ ቆጶስ ማለት ምን ማለት ነው? ኤጲ በላይ ነው፤ ስኮፖስ ተመልካች ነው፤ ከመንጋው በላይ ሆኖ የሚመለከት ማለት ነው። ሐኪሙ ጥቃቅኑን ነገር የሚያይበት ማይክሮስኮፕ፥ ከዋክብትን የሚመረምረው የሚያይበት ቴሌስኮፕ፥ የዚህ የስኮፖስ ዘመዶች ናቸው፤ ሚክሮስ ታናሽ፥ ቴሌ ሩቅ ነውና። ጊዮርጊስ ማለትስ? ጌ ምድር፥ ኤርጎን ሥራ ነው፤ ምድርን የሚሠራ፥ ገበሬ ማለት ነው። ጂኦግራፊ ምድርን መጻፍ፥ ጂኦሎጂ ስለ ምድር መናገር፥ ጂኦሜትሪ ምድርን መለካት የሆኑት ከዚሁ ከጊዮርጊስ ስም ግማሽ ጋራ አንድ በሆነ ቃል ነው። በዓለ ጰንጠቆስጤ አምሳኛው ቀን ማለት ነው፤ ጴንጤ አምስት ነው፤ የሂሳብ መምህር አምስት ማዕዘን ያለውን ሥዕል ፔንታጎን ሲል ከዚያው ተበድሮ ነው። ፊሳልጎስ የሚባለው ስለ አራዊት፥ ስለ አዕዋፍ፥ ስለ ዕፅና ስለ ዕንቍ ጠባይ የሚናገረው መጽሐፍ በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተተርጕሞልናል። ስሙ ፊሲስ ማለት ባሕርይ፥ ሎጎስ ማለት ቃል ከሚሉት የተሠራ ነው። ዛሬ ፊዚዮሎጂ ብለው በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይኸው ስም ነው። ፊዚክስ የሚባለውም ቃል ከዚሁ ፊሲስ ወጣ፤ ይህም በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ጊዜ ሊቃውንት ስለ ባሕርይ የተከራከሩበት ቃል ነው። አቶም የማይቈረጥ ማለት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በ15ኛው ምዕራፍ ሙታን ስለሚነሡባት ቅጽበት ሲናገር በጽርኡ የተጻፈው ይኸው ቃል ነው፤ ልትከፈል የማትችል አጭር ጊዜ ማለቱ ነው። የዘመናችን ሊቃውንት በ1938 የዩራኒየምን አቶም ከፈሉት፤ በ1945 የሆነውም በጃፓን ሁለት ከተሞች ላይ ታየ፤ ስሙ ግን አሁንም «የማይቈረጥ» ነው።

ስለዚህ ካህኑ የማያውቀው መስሎት የሚፈራው የሳይንስ ቃል ግማሹ በገዛ ዕቃ ቤቱ ተቀምጧል። የከተማው ምሁርም ካህኑ ምንም አያውቅም ብሎ የሚንቀው፥ ራሱ የሚጠራውን ቃል ቍልፍ ማን እንደ ያዘው ስላልጠየቀ ነው።

አሁን ደግሞ ለቋንቋችን አስበው የሠሩ ሰዎች የፈጸሙትን አንድ ነገር ልናገር ነው። ድካማቸውን አላቃልልም፤ ነገር ግን ሴል ለሚባለው ቃል «ህዋስ» የሚል አማርኛ ሲሰጡት ብርቱ ጕዳት አድርሰዋል። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ የቡሽን ቅራፊ በማይክሮስኮፕ አይቶ እንደ ንብ ሰፈፍ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ መሆኑን ጻፈ፤ እነዚያንም ክፍሎች ሴል አላቸው። ቃሉ ሴላ ከሚለው ሮማይስጥ የመጣ ነው፤ ታናሽ ክፍል፥ ጓዳ ማለት ነው፤ የምዕራብ መነኮሳትም እኛ በአት የምንለውን የብቸኝነት ክፍላቸውን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ሁክ ያየው የሞተ ቡሽ ስለ ነበረ፥ ያየው ግድግዳውን እንጂ ባለቤቱን አልነበረም። ኋላ የመጡት ሊቃውንት በሕይወት ያለው፥ የሚያድገውና የሚባዛው የክፍሉ ውስጥ መሆኑን ሲያውቁ የባዶው ቤት ስም ለባለቤቱ ቀረለት። ይህ ራሱ የሚያስተምር ታሪክ ነበር።

የእኛዎቹስ ምን አደረጉ? ሕዋስ የሚለው ቃል (በሐመሩ ሐ ይጻፍልኝ) ባለቤት ያለው ቃል ነው። አምስቱ ሕዋሳት ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስ፥ መዳሰስ የሚፈጸምባቸው ዐይን፥ ጆሮ፥ አፍንጫ፥ ምላስና እጅ ናቸው፤ ይህንን ፊደል የቈጠረ ልጅ ሁሉ በሃይማኖት ትምህርቱ ይሰማዋል። ዛሬም በትምህርት ቤት መጽሐፍ ራሱ «የስሜት ሕዋሳት» እየተባለ ይጻፋል። እንግዲህ ያው መጽሐፍ ሴልንም ሕዋስ ካለው፥ ተማሪው «ሕዋስ በብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት የተሠራ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊያነብ ነው። «የዐይን ሕዋስ» ቢባል ዐይን ራሱ ነውን? ወይስ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታየው የዐይን ቅንጣት ነው? በቅኔ አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማዋል ኅብረ ቃል ይባላል፤ ያስመሰግናል። በሕክምና ግን ኅብር ሰው ይገድላል። ለአንድ አዲስ ነገር ስም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ባዶ መሆኑን ማየት አለበት፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት ሌላ ሰው አያገባም። እኔ ብጠየቅ፥ ሴል ሴል ተብሎ ይቅር፤ መምህሩ ግን በመጀመሪያው ቀን «ሴል ማለት ጓዳ፥ በአት ማለት ነው» ብሎ የሁክን ቡሽ ይንገራቸው። ግእዝ ተምሮ ለፈረንጅ ቃል ጠበቃ ሆነ የሚለኝ ካለ፥ ጠበቃነቴ ለሕዋስ ነው፤ ከገዛ ቤቱ ተገፍቷልና።

ስለ ገበያ ቃልም ጥቂት ልበል። በ1795 የፈረንሳይ መንግሥት አዲሱን ልክና ሚዛን በሕግ ሲያቆም ለስሞቹ አንድ ብልሃት ያለው ሥርዓት ተደረገላቸው። ከአንድ በላይ እያደገ ለሚሄደው ጽርእ፥ ከአንድ በታች እየተከፈለ ለሚሄደው ሮማይስጥ ተመደበ። ዴካ ዐሥር፥ ሄክቶ መቶ፥ ኪሎ ሺህ፤ እነዚህ የጽርእ ናቸው። ዴሲ ከዐሥር አንድ፥ ሳንቲ ከመቶ አንድ፥ ሚሊ ከሺህ አንድ፤ እነዚህ የሮማይስጥ ናቸው። እንግዲህ ኪሎም ሚሊም ሁለቱም በየቋንቋቸው ሺህ ማለት ናቸው፤ የሚለያቸው ጽርኡ ማብዛቱ፥ ሮማይስጡ መክፈሉ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ፥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፥ ሚሊና ኪሎ እየተቀላቀሉበት ሲያለቅስ አግኝቼው ይህንኑ ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም። መምህሩ ግን «መሸምደድ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለውም» ብሎት ነበር።

ሳንቲማችንም ከዚሁ ቤት ነው። የፈረንሳዮች ሳንቲም ከፍራንክ መቶኛው ክፍል ነበር፤ ከብር መቶኛው ክፍል ስለ ሆነ እኛም ስሙን ወሰድነው። ሊትር ግን ከሁሉ ያስደንቃል። ፈረንሳዮች ሊትሮን ይሉት ከነበረው አሮጌ የእህል መስፈሪያ ስም አወጡት፤ የዚያም አባት በጽርእ ሊጥራ የሚባለው ሚዛን ነው። ይህ ሊጥራ ወደ ግእዝ መጥቶ ልጥር፥ ንጥር ተባለ። በዮሐንስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት የናርዶስ ሽቱ ልኩ በእኛ መጽሐፍ ንጥር የተባለው ነው። እንግዲህ ዘይት በሊትር የሚሸጠው ነጋዴና ወንጌል የሚያነበው ዲያቆን አንዱን ቃል በሁለት አፍ ይጠሩታል፤ አንዱ በአሌክሳንድርያ መንገድ፥ ሌላው በፓሪስ መንገድ የመጣ ወንድማማች ነው። ይህን ቃል ከአማርኛ አስወግደን በሌላ እንተካ የሚል ሰው የትኛውን ወንድም ሊያባርር ነው?

ቫይታሚንን በአጭሩ ልለፈው። በ1912 ፉንክ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ ቪታ፥ ማለት ሕይወት፥ ከሚለው ሮማይስጥና አሚን ከሚባለው የኬሚስትሪ ስም አዋሕዶ ሠራው፤ ለሕይወት የሚያስፈልጉት ሁሉ አሚን ናቸው ብሎ ነበርና። አለመሆናቸው ሲታወቅ በ1920 ከቃሉ መጨረሻ አንዲት ፊደል ቈረጡለትና ይቅርታ ያደረጉለት መሰላቸው። ቫይረስ ደግሞ በሮማይስጥ መርዝ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

የሳይንስ መምህራን የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «የቃሉን ታሪክ ማወቅ ነገሩን ማወቅ አይደለም፤ ኦክሲጅን ኮምጣጣ ወላጅ ተባለ ብሎ የሚያውቅ ተማሪ እሳት እንዴት እንደሚነድ አያውቅም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ታሪኩን የሚያውቅ ተማሪ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ይህ ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ዐስበው፥ ተሳስተው፥ ታርመው የደረሱበት መሆኑን ነው። ቃሉን እንደ ድግምት የሚሸመድድ ተማሪ ሳይንስን የሚያየው እንደ ድግምት ነው፤ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል ብሎ አያስብም፥ ሊያርመውም አይነሣም። ደግሞም በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ልጁ በአማርኛ የለመደውን ትቶ በአንድ ክረምት ልዩነት በእነዚህ ቃላት ጭነት ሥር ይወድቃል። ዐሥር ሥር የሚያውቅ ልጅ መቶ ቃል ይፈታል፤ መቶ ቃል የሸመደደ ልጅ መቶ አንደኛው ሲመጣበት ይቆማል። ጊዜ የለንም ለሚሉም፥ ኪሎና ሚሊን ለመለየት ከእኔ የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ድረስ አልሞላም።

የቀረኝ ለእኛ ወገን ሰዎች፥ ቃል እንዴት እንደሚሰጥ ለማሳየት የምጠቅሰው አንድ ምሳሌ ነው። በ1796 ጄነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከላም ፈንጣጣ የያዛትን የአንዲት ወተት አላቢ እጅ ቍስል ጭማቂ ወስዶ የአንድ ልጅ ክንድ በጥቂቱ ሰንጥቆ አገባበት፤ ልጁም ከሰው ፈንጣጣ ዳነ። ላም በሮማይስጥ ቫካ ነውና መድኃኒቱ ቫክሲን፥ «የላም» ተባለ። በ1881 ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በጎችን ከአባ ሰንጋ በሽታ የሚያድን መድኃኒት ባገኘ ጊዜ ስለ ጄነር ክብር ይህም ቫክሲን ይባል አለ፤ በጉ የላም ስም ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ላም ያልነካቸው መድኃኒቶች ሁሉ የላም ስም ይዘው ይኖራሉ። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ላሟን አልተከተለም። ሐኪሙ በስለት ክንድ ሲጭር አይቶ፥ ቆዳን እንደ ብራና ሲጽፍበት አይቶ፥ ከተበ፥ ክትባት አለው። ከተበ ጻፈ፥ ቀረጸ ማለት ነው፤ ክታብም ከዚያው ይወጣል። ቃሉ የተወሰደው ከእጁ ሥራ እንጂ ከሮማይስጥ ሥር አይደለም፤ ስለዚህም ላሙ ቢቀር፥ ስለቱ በመርፌ ቢተካ፥ ቃሉ አልዋሸም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1976 ነው፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። አማርኛ ተናጋሪው ባላገር ክንዱን ሲዘረጋ የሰማው ቃል ክትባት የሚል ነበር። ሥር በሥር ተርጕመን «ላማዊ» ብንለው ኖሮ፥ ቃሉን ለማስረዳት ላሟን ከእንግሊዝ አገር ድረስ መንዳት ባስፈለገን ነበር።